በተዘጋው መሬት ላይ ነጭ ጨርቅ

ሮዌና ፔትሪች የሚዳቋ አደን ፈቃድ ዕጣ እንደወጣላት የነገረችኝ ሥጋ ቤቴ ውስጥ መንጠቆዎቹን እያጠብኩ ሳለሁ ነው። እኔ አዳኞች ገድለው የሚያመጡትን እየገፈፍኩና እየበለትኩ የምኖር ሰው ነኝ። መኸር ሲገባ በእኛ በዋዮሚንግ ሜዳ ላይ የተገደለ ነገር ሁሉ መጨረሻው የኔ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ የአደን ወሬ ጠግቤያለሁ፤ አብዛኛውም ውሸት ነው። ሮዌና ግን ለመዋሸት የሚሆን ትዕግሥት የላትም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ በዕድሜዋ አንድም ቀን አድና አታውቅም። ጠዋት በኮረኮንቹ መንገድ ልጆች ስትለቅም ሚዳቋዎቹ ከአውቶቡሱ ጎን እየሮጡ ይሽቀዳደሟታል፤ ቀድመዋት ሄደው ደግሞ ቆመው ያይዋታል።

"ንቀታቸው በዛ" አለችኝ። "ዘንድሮ አንዷን እበላለሁ።"

"ጠመንጃ ተኩሰሽ ታውቂያለሽ?"

"ጣሳ እመታለሁ።"

"ጣሳ አይሮጥም።"

"እኔስ መቼ እሮጣለሁ? ተኝቼ ነው የምጠብቃት።"

ከኋላዋ የአክስቷ ልጅ ላይል እየሳቀ ገባ። ላይል የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያድናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮም አፉ አያርፍም። "ቨርን፣ የት እንደደረሳት ነግራሃለች?" አለኝ። "ፈቃዱ አላት፣ ጠመንጃው አላት፣ መቆሚያ ቦታ ግን የላትም! ሰማይ ላይ ሆና ካልተኮሰች በቀር።"

እውነቱን ነበር። የእኛ አገር መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ካሬ የመንግሥት፣ ቀጥሎ ያለው የግል። በመንግሥቱ መሬት ማንም ሊያድን ይችላል። እዚያ ለመድረስ ግን የግሉን መርገጥ የግድ ነው፤ የግሉን ሳያስፈቅድ የረገጠ ደግሞ ሸሪፍ ይጠራበታል። ሮዌና ስልኳን አውጥታ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የመንግሥቱ መሬት በቢጫ ተቀብቷል። ጥቃቅኖቹን ቢጫዎች አልፋ ጣቷን መሀል ላይ አሳረፈች፤ አንድ ትልቅ ቢጫ፣ ዙሪያውን በሙሉ በአንድ የከብት ርባታ የተከበበ፣ አንድም መንገድ የማይነካው።

"ይሄ የኔም ነው፤ የሁላችንም ነው" አለች። "ገብቶበት የሚያውቅ ሰው ግን አግኝቼ አላውቅም። አንተስ?"

አሰብኩ። እኔም አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ መሬት የመጣ አንድ ሥጋ በእጄ አላለፈም።

"መሰላል ይዘን እንሄዳለና" አለ ላይል። "ካሬዎቹ በማዕዘናቸው የሚገናኙበት ጋ ሄደን ከመንግሥት ወደ መንግሥት እንዘላለን። እግራችን የማንንም አፈር አይነካም።"

"በግሉ ላይ ያለው አየርስ?" አልኩት።

"አየሩማ የእግዜር ነው።"

"ዳኛው ፊት ስትቆም እግዜርን ምስክር ጥራው" አለችው ሮዌና። "እኔ የሰው ልጆች የማመላልስ ሰው ነኝ፤ መከሰስ አልፈልግም። በር አንኳኩቼ አስፈቅዳለሁ።"

አንኳኳችም። ነሐሴን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በላይል ፒክአፕ ከርባታ ርባታ ዞሩ። አንደኛው ባለመሬት አደኑን ለከተማ ሀብታሞች አከራይቶት ነበር። ሌላው በሩን ሳይከፍት ውሻውን በመስኮት አሳያቸው። ሦስተኛው አስገብቶ አስቀምጦ ስለ ድርቁ፣ ስለ ልጁ ፍቺ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አጫውቷቸው፣ በመጨረሻ "አይሆንም" ብሎ አንድ ጆንያ ዱባ ሰጥቶ ሸኛቸው። ላይል ዱባውን ለኔ አምጥቶ "ይኸው የመጀመሪያ ግዳይዋ፤ በልትላት" አለኝ።

የቀረው የሚከልሰን ርባታ ብቻ ነበር፤ ያን ትልቅ ቢጫ መሬት የከበበው። ባለቤቷ ወይዘሮ ቶራ ሚከልሰን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ አግብተው ባያውቁም አገር በክብር ወይዘሮ ይላቸዋል። ማንንም አስገብተው እንደማያውቁ አገር ያውቃል። ላይል ነዳጅ አታባክኚ አላት።

"ሴትዮዋ ያውቁኛል" አለችው። "ጠዋት በመንገዱ ሳልፍ ፖስታ ሳጥናቸው ጋ ቆመው ያውለበልቡልኛል። ሁልጊዜ ነው የምንሰላለመው።"

ሄዱ። ወይዘሮ ቶራ በረንዳው ላይ ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ ተደግፈው ቆመው ጠበቋቸው።

"ለአደን ከሆነ የመጣችሁት የለም" አሉ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ።

"ወይዘሮ ሚከልሰን፣ እኔ እኮ የአውቶቡሷ ሹፌር ነኝ" አለች ሮዌና ባርኔጣዋን አውልቃ። "ጠዋት ጠዋት የምንሰላለመው።"

"የት ነው የምንሰላለመው?"

"እታች፣ ፖስታ ሳጥንዎ ጋ።"

አሮጊቷ የተደገፉትን ብረት ቁልቁል አዩት። "ልጄ፣ ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ ከዚህ በረንዳ ወርጄ አላውቅም። ፖስታዬን ሠራተኛው ነው የሚያመጣልኝ፤ እሱም የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።"

ሮዌና በኋላ ስትነግረኝ፣ የዚያን ጊዜ የተሰማኝ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ነው ብላኛለች። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክረምት በጋ፣ ልጆች ጭና እጇን ስታወዛውዝ ለማን ነበር?

"ምን ነበር የሚያውለበልበው?" አሉ ወይዘሮ ቶራ።

"ነጭ ነገር። ጨርቅ ይመስለኛል።"

"ፊቱስ?"

"ፀሐይ ከኋላው ስለሚሆን አይታየኝም። እርስዎ ነዎት ብዬ ነው እንጂ... ፊት አይቼ አላውቅም።"

አሮጊቷ በሩን በክርናቸው ገፉት። "ግቡ። ሻይ በበረዶ አለ።"

ኩሽና ውስጥ ተቀምጠው የነገሯቸው እንዲህ ነው። ኒልስ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ሁለቱም ሳያገቡ ይህን ርባታ አብረው ይዘው ኖሩ። ኒልስ ሚዳቋ የሚያድነው በድሮው ዘዴ ነበር፤ ሣር ውስጥ ተኝቶ ነጭ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ያውለበልባል። ሚዳቋ ደግሞ የማታውቀውን ነገር ሳታይ መሄድ አይሆንላትም፤ እየፈራችም ትመጣለች። አንድ የጸደይ ቀን ኒልስ በመሀሉ የመንግሥት መሬት የወደቀ አጥር ላነሳ ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የበረዶ ውሽንፍር መጣ። ፈረሱ ብቻውን ተመለሰ። አገር ወጥቶ ፈለገው፤ በረዶውም ቀለጠ፤ ኒልስ አልተገኘም።

"ጊዜው ብዙ ነው" አሉ። "እኔም ያኔ ጸጉሬ ጥቁር ነበር።"

ከዚያ ሮዌናን ትክ ብለው አይተው "ግቢ፤ አድኚ። በሩን መዝጋት አትርሱ" አሏት። "አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ጨርቅ አታውለብልቡ።"

"ለምን?" አለ ላይል።

"አውለብልቤ አውቃለሁ። ለዚህ ነው።"

አደኑ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ሮዌናና ላይል መሬቱን ለማጥናት ገቡ። ጠመንጃ አልያዙም፤ የያዙት አቅራቢ መነጽር፣ ውሃና ሳንድዊች ነው። ሚዳቋዎቹ የት እንደሚጠጡ፣ በየትኛው ጥግ ከሾህ ሽቦው ሥር ሾልከው እንደሚያልፉ ማወቅ ፈልገው ነው፤ ሚዳቋ አጥር አትዘልም፣ በሆዷ ትሾልካለች። የመጨረሻውን በር አልፈው መንግሥት መሬት ላይ ሲቆሙ ላይል ኮፍያውን አነሳና "ክቡር መሬት ሆይ፣ ባለቤትህ መጣች" ብሎ ሰገደላት። ሳቁ። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቃቸው እሷ ነበረች።

ነፋስ አልነበረም። እኛ ጋ ነፋስ የለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኛ የተወለድነው በነፋስ ውስጥ ነው፤ ስንነጋገር የምንጮኸውም ለዚህ ነው። ያን ቀን ግን እንደ አሪቲ የሚሸተው ግራጫ ቁጥቋጦ አንድ ቅጠል አላንቀሳቀሰም። ሮዌና የራሷን ልብ ትሰማ ነበር። ላይል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ፤ ማንም ዝቅ አድርግ ሳይለው።

አንድ ደረቅ ወንዝ ተሻግረው ጫፉ ላይ ሲወጡ መንጋውን አዩት። ሁሉም ቆመዋል። አንዷም አትግጥም፤ አንዷም አልተኛችም። ፊታቸውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዙረው፣ ወደ አንድ ነጣ ያለ የሸክላ ጉብታ ያያሉ። ሚዳቋ ሰውን ከሩቅ አይታ የምትበር ፍጥረት ናት፤ እነዚህ ግን ሁለቱን ሰዎች ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም።

"ታመው ነው እንዴ?" አለች ሮዌና በሹክሹክታ።

"አንድ ነገር ይዟቸዋል። ወደኛ እናዙራቸው።" ላይል በሆዱ ተኛና ከኪሱ ነጭ ካናቴራ አወጣ።

"ላይል፣ ሴትዮዋ ምን አሉን?"

"ሴትዮዋ ብዙ ዓመት ብቻቸውን ኖረዋል። አንዴ ብቻ።"

ካናቴራውን ከፍ አድርጎ አውለበለበ። ከመንጋው አንዷም አልዞረችም። ከሸክላው ጉብታ ላይ ግን ነጭ ነገር ብድግ አለና ተውለበለበ።

ላይል አወረደው። ያኛውም ወረደ።

"ሰው ቀድሞናል" አለ፤ ድምፁ ግን እርግጠኛ አልነበረም። "ወይም የሚዳቋ ቂጥ ነው። ሲደነግጡ ነጩን ጸጉር ያቆሙታል።"

"ሚዳቋ በቂጧ ትመልስልሃለች?"

ሁለቴ አውለበለበ። ጉብታው ላይ ሁለቴ ተውለበለበ። በግራ እጁ ይዞ ወደ ግራ አዘነበለው። ያኛውም አዘነበለ። ሮዌና መነጽሯን አንስታ አየች። ጨርቁ ይታያታል፤ ጨርቁን የያዘው ግን አይታይም። ከጨርቁ በታች ሰማይ ነው። ከዚያ መንጋው መሄድ ጀመረ፤ ሳይሮጥ፣ ሳይደነግጥ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንደሚወጣ እርስ በርሱ ሳይገፋፋ፣ ወደ ጉብታው።

"እንመለስ" አለ ላይል። ዕድሜውን ሙሉ ሲደነፋ የኖረው ላይል።

ሮዌና ግን ተነስታ ቆመች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ተናድጄ ነበር" አለችኝ። "ዓመት ሙሉ ሰላምታ ሰጥቼዋለሁ። ማን እንደሆነ ማወቅ አይገባኝም?" ወደ ጉብታው ሄደች። ላይል ብቻውን መቅረቱን ስላልወደደው ተከተላት።

እዚያ ሲደርሱ ነጭ ጨርቅ አልነበረም። መንጋውም አልነበረም፤ በሌላ በኩል ወርዶ ጠፍቷል። አፈሩ ላይ የሚዳቋ ኮቴ ብቻ ነው ያለው፤ የሰው ጫማ ምልክት የለም። ኮቴዎቹ ጉብታውን ዞረው ከኋላው ወደ አንድ ቦይ ወረዱ። ያን በጋ የጣለው ዶፍ ዝናብ ቦዩን አዲስ ቆርጦት ነበር፤ ግድግዳው ገና እርጥብ ይመስላል። ሮዌና ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ቁልቁል አየች።

ከግድግዳው ውስጥ የቦት ጫማ ወጥቶ ነበር። አጠገቡ የሽቦ መወጠሪያ ብረት። ከዚያ አጥንት።

ላይል ካናቴራውን ጣለና ኮፍያውን አወለቀ። ለመቀለድ አልነበረም።

ሸሪፉ መጣ፤ ከከተማ የመጡ ባለሙያዎች አፈሩን በማንኪያ ቆፈሩ። ወይዘሮ ቶራ የቀበቶውን ዘለበት አይተው ወዲያው አወቁት፤ ራሳቸው ነበሩ ያኔ ለልደቱ የገዙለት። በበረዶው መንገድ ጠፍቶት ከጉብታው ሥር ተጠልሎ እንደነበር፣ ዳገቱ ተንዶ እንደተጫነው ሸሪፉ ገመተ። ፈላጊዎቹ በዚያ ሥር ብዙ ጊዜ አልፈውታል፤ አፈሩ ሸፍኖት ነበር። መስከረም ውስጥ ከእናትና አባቱ ጎን ቀበሩት። እኔም ሄጄ ነበር። ወይዘሮ ቶራ አላለቀሱም፤ የሮዌናን እጅ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቁም። "እንዲገኝ ነበር እንግዲህ የሚጠራው" አሉ። "እኔ ሞኟ ፈርቼው ስሸሽ።"

ሮዌና ጠዋት በመንገዱ ስታልፍ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ማንም አልነበረም። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ከዚያ ትንሽ ከፋት፤ ከዚያ ተወችው።

አደኑ የተከፈተ ዕለት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ገቡ። ላይል ፒክአፑን ከመጨረሻው በር ወዲህ አቆመ። ወይዘሮ ቶራም አብረውት ነበሩ፤ ከበረንዳው ወርደው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው። "ኒልስ ከተገኘ ወዲህ መሬቱን አላየሁትም፤ ውሰዱኝ" ብለው ለምነው ነው። ሮዌና ጠመንጃዋን ይዛ ብቻዋን ወደ ደረቁ ወንዝ ተሳበች። ነፋስ ነበረ፤ ደህናው የኛ ነፋስ፣ ዓይን የሚያስለቅሰው። መንጋው ይግጥ ነበር። አንድ ወንድ ከሌሎቹ ተለይቶ ጎኑን ሰጣት። አየር አስገባች፣ ግማሹን አወጣች፣ ቃታውን ሳበች። ሚዳቋው ጥቂት ሮጦ ወደቀ።

ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከች፤ ደረቱ ላይ እጇን አሳረፈች። ገና ይሞቅ ነበር። አለቀሰች፤ አለማፈሯን ነግራኛለች። ቢላዋዋን አውጥታ ልትጀምር ስትል ነፋሱ ቆመ።

ቀና አለች። የሸሸው መንጋ ሩቅ አልሄደም። ቆሟል። ፊቱን አዙሯል።

ጉብታው ላይ ነጩ ነገር ይውለበለብ ነበር። የድሮው ዓይነት ሰላምታ አይደለም። ሰፊና ዝግ ያለ ነው፤ ና ና እንደማለት። ከስሩ ዛሬም ሰማይ ብቻ ነው።

ፒክአፑ ሲመጣ ሰማች። ላይል ከአጥሩ በር ጀምሮ ቁጥቋጦ ሳይመርጥ ነድቶ አጠገቧ አቆመና ወርዶ ሚዳቋውን በቀንዱ ያዘ። "ጫኚ! እዚህ አንገፍፍም፤ ቤት እንገፍፋለን፤ ጫኚ!" አንድ ላይ አንስተው ወረወሩት። ሮዌና በመስኮቱ ወይዘሮ ቶራን አየቻቸው። አሮጊቷ ጉብታውን ያያሉ። እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ላይ ሊነሳ ሲል በሌላኛው እጃቸው ጭምቅ አድርገው ያዙት።

"ወይዘሮ ሚከልሰን?"

"ኒልስ አልነበረም" አሉ። "ኒልስማ ተቀብሯል። እኔ ነኝ የቀበርኩት።"

ዋናው መንገድ ሲደርሱ ነፋሱ ተመለሰና መኪናውን ወዘወዘው። ያኔ ወይዘሮ ቶራ፣ "ይሄን ሁሉ ዘመን መሬቱን ዘግቼ የኖርኩት ለወንድሜ ብዬ ነበር" አሉ። "ለማን ስዘጋለት እንደኖርኩ እንጃ።"

ሚዳቋውን በዚያው ቀን ወደ እኔ አመጡት። ጥሩ ሥጋ ነበር፤ አሪቲ አሪቲ ይሸታል፣ ጮማ የለውም። ስበልት ሮዌና በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገረችኝ። ላይል በር ላይ ቆሞ አንድም ቃል አላስተካከለም፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ያ ነው።

ወይዘሮ ቶራ ከገና በፊት ጠበቃ ጠርተው በርባታቸው መሀል ለሕዝብ የሚሆን የመተላለፊያ መንገድ ፈቀዱ፤ ለዘለዓለም፣ መሬቱ ቢሸጥም የማይሻር። ጎረቤቶቻቸው አበዱ ወይ አሉ። እሳቸው ሮዌናን "ሰው ይብዛበት" ብለዋታል። "ልጆች ይጩኹበት፣ መኪና አቧራ ያስነሳበት፣ ሳንድዊች ይብሉበት። ባዶ አይደር።"

አሁን በየመኸሩ ሰው ይገባል። ከዚያ መሬት የመጣ ሥጋ በየዓመቱ እገፍፋለሁ። አዳኞቹን ሳወጋቸው ምን አያችሁ ብዬ እጠይቃለሁ፤ አብዛኞቹ ነፋሱን ያማርራሉ፤ ደስ ይለኛል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ወሬውን ቀይሮ ሌላ ነገር ያወራል። አልጎተጉተውም።

ላይል አሁን ተራራ ሄዶ ነው የሚያድነው። ሮዌና ግን በየዓመቱ ለዚያው ቦታ ዕጣ ትጥላለች፤ ከወጣላት ሦስት አራት ሰው ሰብስባ፣ በቀን፣ እየተንጫጩ ይገባሉ። እኔንም ሁልጊዜ ትጠራኛለች።

"ጉልበቴን ያመኛል" እላታለሁ።

"ጉልበትህ ደህና ነው፤ ቨርን።"

"እሺ፣ ደህና ነው" እላታለሁ፤ ቢላዋዬንም መሳሌን እቀጥላለሁ።